«ዝናብ ይዞኝ ነው» የማይባልበት አገር

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደውሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለመሆኑ ዝናብ በዘነበ ቀን ቤታችሁ ትውላላችሁ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ዲቪ ሞልቶ ዕጣውን የሚጠባበቅ ልጅ ስለሆነ ጥያቄውን በሳቅ ላልፈው አልፈለግሁም። በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ዙሪያ በአትክልተኝነት መሥራት ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በዘነበ ቁጥር ቤቴ ብውል ኖሮ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ሰው በፈለግሁ ነበር።

ዝናብ ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። በሚሊ ሜትር ከተለካማ የደብረ ማርቆስ ይበልጣል፤ የእኛ በዓመት ከ1,200 በላይ ሲሆን የዚህ 1,000 ገደማ ነው። ልዩነቱ በጠባዩ ነው። የእኛ ዝናብ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ጎርፉን ለቅቆ፣ መንገደኛውን በየታዛው ሰብስቦ ካጨዋወተ በኋላ ያባራል፤ የዘገየም ሰው «ዝናብ ይዞኝ ነው» ቢል የሚቀየመው የለም። የሲያትል ግን በዓመት 150 ያህል ቀን ድምፁን አጥፍቶ ያንጠባጥባል፣ አሠሪም ካፊያን ከዝናብ አይቆጥረውም። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ስለምትጠልቅ፣ ጠዋት በጨለማ የወጣ ሰው ማታም በጨለማ ይገባል።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር የደረሰብኝ ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በኅዳር ነበር። ከጽጌረዳ መደብ ውስጥ የረገፈ ቅጠል እንድለቅም ታዝዤ በጎማ ቦቲዬ ዘው ብዬ ገባሁ። በዕድሜ አሥር ዓመት የምበልጠው የቡድናችን አለቃ እሳት የተነሣ ይመስል ጮኸ፤ የቤቱ እመቤትም በመስኮት ብቅ አሉ። ልጁ ከመኪናው ሁለት ጣውላ አምጥቶ መደቡ ላይ ካነጠፈ በኋላ፣ ክንዴን ይዞ በየትኛው እግሬ ቀድሜ በጣውላው ላይ እንደምራመድ ገና ድክ ድክ እንደሚል ሕፃን አሳየኝ። እመቤቲቱ በመስኮቱ ውስጥ ራሳቸውን በርኅራኄ ሲነቀንቁ አየኋቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ጭቃ ሲያቦካ ባደገ የገበሬ ልጅ ላይ ነው!

የጤፍ አገር ሰው ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ሳልነግረው ይገባዋል። በሐምሌ ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በላላ አፈር ውስጥ ከጠለቀ አይበቅልም። ጅራፌን ይዤ ከብቶቹን ወዲያና ወዲህ ስነዳ፣ «አንጀት አርስ! አንድም ሳይረገጥ የቀረ ቦታ የለም» ተብዬ በጎረቤት ፊት የተመሰገንሁት በዚሁ ሥራ ነበር። እርጥብ አፈር በመርገጥ የተመሰገነው ልጅ ባሕር ተሻግሮ እርጥብ አፈር በመርገጡ ተዋረደ። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁ አላጠፋም። የአበባ መደብ በየዓመቱ አይታረስምና፣ እርጥቡ አፈር ከተጠቀጠቀ አየሩ ወጥቶ ሥሩ ይታፈናል። በሚያዝያ ወደዚያው ግቢ ስንመለስ የቦቲዬ ዱካ፣ የጎማው ጥርስ ሳይቀር፣ እንደ ሸክላ ደርቆ ጠበቀኝ። በላዩ አረም እንኳ አልበቀለበትም።

ኩራቴም ያለው እዚያው ውኃው ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ግቢ ሥር በበረዶ ግግር ዘመን ተጠቅጥቆ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ንብርብር ስላለ፣ ውኃው ወደ ታች አይሰርግም፤ ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንድ ደንበኛ ግቢ ውስጥ፣ አባቴ በማሳው እንደሚያደርገው፣ ሰያፍ ፈሰስ (የውኃ መውረጃ ትልም) ቀድደን ውኃውን ወደ ተዳፋቱ እንልቀቀው ብል ሁሉም ሳቁብኝ። በሳምንቱ ባለሙያ ተጠርቶ ቦይ አስቆፈረ፤ በጠጠር ሞልቶም ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ቀበረበት። ቦዩ የሄደው እኔ በአካፋ እጀታ ባሳየሁት መሥመር ነበር! ለዚያ የተከፈለውን ገንዘብ አባቴ ቢሰማ ጥንድ በሬ ይገዛበት ነበር። የአባቴ ፈሰስ ግን አፈሩን ጠርጎ ጎረቤት ማሳ ላይ እየደፋ በየክረምቱ ሽማግሌ ያስቀምጥ እንደነበር አልክድም።

እንግዲህ ለመምጣት የምታስቡ ሰዎች፣ አትክልተኛ ሲባል ዘበኛው ውኃ በማጠጣት የሚደርበው ሥራ እንዳይመስላችሁ። የዝናብ ልብሱ ውኃውን ቢመልስም ላባችሁን ስለሚያስቀረው ከውስጥ ትበሰብሳላችሁ፤ ጣታችሁ ደንዝዞ መቀሱ ቅርንጫፍ ይቁረጥ ጓንት የምታውቁት ካያችሁት በኋላ ነው። ሳትቀጠሩ በፊት፣ ዝናቡ ከብዶ ወደ ቤት ስትሸኙ ሰዓቱ ይከፈል እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ የመጀመሪያውን ክረምት በዕዳ አሳልፌያለሁ። መንጃ ፈቃድ ቀድማችሁ አውጡ፣ በቀጣሪ ትእዛዝ ያለ ፈቃድ ፀረ አረም አትርጩ፤ ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት በክፍያ ለሚረጭ ሰው ሕጉ ፈቃድ ይጠይቃል። በቦቲ ገንዘብ አትሰስቱ።

ለአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሳብራራ እናቴ አጠገቡ ኖራ ስልኩን ተቀበለችው። መኪናው ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠበውን ሰምታ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ፣ እስኪያባራ ተጠለል እንጂ» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኋት። ገና ጥቅምት መግባቱ ነበር።