«ስምህን ልጻፈው?»

ሐሙስ ማታ ነበር። ልምምድ ጨርሰን ላባችንን እየጠረግን ነው። አሰልጣኛችን ማስተር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡና «ስምህን ልጻፈው?» አሉኝ። የክፍለ ከተማው የቴኳንዶ ውድድር ሦስት ወር ይቀረዋል። ለብቻ የሚሠራው የእንቅስቃሴ ትርኢት፣ ፑምሴ፣ አይደለም፤ ፍልሚያ ነው። «ላስብበት» አልኳቸው። ማሰቡ ወር ከምናምን ፈጀ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቴኳንዶ የጀመርኩት ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ለኢትዮጵያ ከተወዳደረ በኋላ፣ 2014 ሲገባ ነው። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ የሚጀምር ሰው ኦሎምፒክ ቢያይም የሚመጣው ለቦርጩ ነው። እኔም ለቦርጬ ነው የመጣሁት። ሳላስበው ቀይ ቀበቶ ላይ ደረስኩ። ከማላውቀው ሰው ጋር ግን አንድም ቀን ገጥሜ አላውቅም።

ሰበብ አላጣሁም። መነጽር አደርጋለሁ፤ ያለ እሱ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ አላነበውም። ፍልሚያ ላይ ደግሞ መነጽር የለም። ፊቴ አብጦ ሰኞ ክፍል ብገባ ተማሪዎቼ ምን እንደሚሉኝ አስቤዋለሁ። እናቴ ደግሞ ወሬውን ስትሰማ «ሰው ጠብ ሸሽቶ ይኖራል፤ አንተ ከፍለህ ትገዛዋለህ?» አለችኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ሰሞን ራሴን የምጠይቀው «ዝግጁ ነኝ ወይ?» እያልኩ ነበር። የማይረባ ጥያቄ ነው። ዝግጁ ነኝ የሚል ሰው ብዙም አላየሁም። ያየኋቸው አንድ ሁለቱም በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸንፈው ነው የወጡት። ስለዚህ ጥያቄውን ትቼ ሌላ ውድድር ሄጄ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ርግጫ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚታየው ግን መጠበቅ ነው። ቦርሳቸውን ተንተርሰው የተኙ ልጆች፣ ከዳኛ በላይ የሚጮሁ አባቶች፣ ሽንት ቤት በር ላይ የቆመ ሰልፍ። ፍልሚያው ራሱ አጭር ነው። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ፣ በመሀል የአንድ ደቂቃ እረፍት፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያልፋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሁለተኛው ዙር ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን የአብዛኛው ሰው እጅ ወደ ታች ይወርዳል። ነጥቡንም ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ቡጢ አንድ፣ ሰውነት ላይ ርግጫ ሁለት፣ ጭንቅላት ላይ ሦስት፤ ዞረህ ከመታህ ሁለት ይጨመርልሃል። እንግዲህ ተጋጣሚህ ጭንቅላትህን የሚፈልገው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ሳውቅ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለል አለ። ሙያዬ ነዋ።

ከዚያ ክለባችን ውስጥ በሰዓት መፋለም ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን 40ኛው ሰከንድ ላይ ትንፋሼ አለቀ። ለካ ስመታ ትንፋሼን ይዤ ነው። ያረመኝ ማስተር እንኳ አይደሉም፤ አብሮኝ የሚለማመድ የ17 ዓመት ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ሲመቱ ይጩሁ እንጂ» አለኝ። ኪያፕ የምንለው ጩኸት ትንፋሽ እንድታወጣ ያስገድድሃል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ለማስፈራራት ይመስለኝ ነበር። መነጽሬንም ከዚያን ቀን ጀምሮ አውልቄ ነው የምለማመደው። ማስተር እግሩን አትጠብቅ፣ ዳሌውን እይ አሉኝ። እግር ከመነሳቱ በፊት ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ዓይንም ይታያል።

ኪሎም ነበረ። 70 ነኝ። ከ68 በታች ብገባ ከቁመት እኩዮቼ ጋር እገጥማለሁ፤ አለዚያ ከ74 በታች ካሉት ጋር ነው። ጓደኞቼ ላስቲክ ለብሰህ ሩጥ፣ ውሃም ቀንስ አሉኝ። ዓቢይ ጾም ላይ ነን፤ ሽሮና ምስር በልቼ፣ ውሃ ቀንሼ፣ ከዚያ ጭንቅላቴን ልመታ? አይሆንም አልኩ። ረጃጅሞቹ ጋር ገባሁ። እስካሁን ከወሰንኳቸው ነገሮች ይሄኛው ላይ አልከራከርም።

የቀረው ራሱ ጭንቅላቴ ነበር። ድሮ በምለማመድበት ሌላ ቦታ አንድ ልጅ ጆሮ ግንዱ ላይ ተመትቶ አስመለሰው። በማግስቱ «ወንድ ነው፣ ይችለዋል» ተብሎ ተመልሶ ተፋለመ። ራስ ምታቱ ሳምንታት ቆየበት። ጭንቅላት ተመትቶ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም መፍዘዝ ከመጣ የዚያ ቀን ነገር እዚያው ያበቃል። ሐኪም ሳያየው፣ ምልክቱም ሳይጠፋ ደግሞ መመታት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ይህ ልጅ ከአእምሮዬ አልወጣ ሲል ማስተርን ለብቻቸው አግኝቼ ጠየቅኳቸው።

«ማስተር፣ ብፈዝ ማን ነው የሚያስቆመው?»

«እኔ። ፎጣ እወረውራለሁ። አንተን አልጠይቅህም።»

«ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቢቀረኝስ?»

«አልጠይቅህም አልኩህ እኮ።»

ስሜን ያጻፍኩት ያን ቀን ነው። እንዲህ ስትጠይቀው የሚስቅብህ አሰልጣኝ ካለህ ግን አትግባ። ቀበቶህ ጥቁር ቢሆንም አትግባ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ደረስኩ፤ የገጠምኩት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የያዝኩት ዳቦና ሙዝ እስከ አምስት ሰዓት አልቋል። የጾሙንም ሰዓት አልጠበቅኩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የተዋስኩት ሆጉ፣ ማለትም የደረት መከላከያ፣ የስንት ሰው ላብ እንደጠጣ ሽታው ይናገራል። ኤሌክትሮኒክ አልነበረም፤ ነጥቡን የሚሰጡት ዳኞቹ በዓይናቸው አይተው ነው። እኔ ቀይ፣ ልጁ ሰማያዊ። ዕድሜው 20 ቢሆን ነው። ያለ መነጽር አንድ ሰማያዊ ነገር ወዲያ ወዲህ ሲል ይታየኛል።

የመጀመሪያው ዙር ምን እንደሆነ አላውቅም። ሸሸሁ መሰለኝ። 9 ለ2 ተባለ። በእረፍቱ ማስተር ውሃ ሰጡኝና «ጩህ» ብቻ አሉኝ። ሁለተኛው ላይ ጮህኩ። ዳሌው ሲዞር አየሁና ቀድሜ ሆዱን መታሁት፤ ሁለት ነጥብ። ደገምኩት። 4 ለ4 ሆንን። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ወደ ኋላ ስሸሽ እግሬ ከመስመር ወጣ። ጋምጆም! ቅጣት ማለት ነው፤ ለእሱ አንድ ነጥብ። በቃ፣ 5 ለ4። የተሸነፍኩት በርግጫ ሳይሆን በመስመር መሆኑ አሁንም ያበግነኛል። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ ጀርባዬን ለመስመሩ ሰጥቼ ነው የምቆመው።

ሰኞ ክፍል ስገባ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ተሸነፉ አሉ?» «በአንድ ነጥብ» አልኩ። «መሸነፍ ነው ግን አይደል?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ፊቴን አገላብጣ አየችና ጥርሴ ሙሉ መሆኑን ስታረጋግጥ ቡና አፈላች።

ባለፈው ሳምንት ማስተር ያንን ወረቀት ይዘው ደግመው መጡ። ውድድሩ የሚውለው የፈተና እርማት ሳምንት ላይ ነው፤ ከመቶ ሃያ ወረቀት በላይ ይጠብቀኛል፤ በሰዓት ከተፋለምኩም ወር አልፎኛል። «በዚህኛው የለሁበትም ማስተር» አልኳቸው። «እሺ» ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ ሄዱ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።