ሁለት ኔም ሰርቨር አለን የሚሉትን ሁሉ ሳጣራ

ለዶክትሬቴ የሠራሁት ዲኤንኤስ ላይ ነው፤ የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ወደ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቁጥር፣ የሚቀይርልን ሥርዓት። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ አንድ ስም እንዲሠራ፣ ባለቤቱ ሳያውቃቸው የእነማን ሰርቨሮች መሥራት አለባቸው?

«ያለቀለት ርዕስ ነው» ያሉኝ ነበሩ። እውነት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ስም በአማካይ 46 ሰርቨሮች ላይ እንደሚንጠለጠል አሳይተዋል። ያም ሆኖ ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ዳይን የተባለው የዲኤንኤስ ድርጅት ሲጠቃ ትዊተርና ስፖቲፋይን የመሳሰሉ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። የራሳቸው ማሽን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ርዕሱ ቢያልቅም ችግሩ አላለቀም ብዬ ገባሁበት።

ሥራው ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ መከተል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በኢትዮጵያው ዶት ኢቲ ሥር ስም አለው እንበል። ዲግ በሚባለው ትእዛዝ ኔም ሰርቨሮቹ፣ ማለትም የስሙን አይፒ የሚናገሩት ሰርቨሮች፣ እነማን እንደሆኑ ስንጠይቅ ሁለት ስም ይመጣል፤ አንዱ በዶት ኮም፣ ሌላው በዶት ኔት የሚያልቅ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለና ሲያዩት ያስተማምናል። ግን ዶት ኮምንም ዶት ኔትንም የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ነው፤ ሁለቱም የሚጠየቁት ከኤ እስከ ኤም በተሰየሙት በእነዚያው 13 ሰርቨሮች ነው። ቬሪሳይን ይወድቃል ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ብለን የቆጠርነው አንድ ነው ማለቴ ነው። ቀጥለን አይፒያቸውን እናወጣለን። ቁጥሩ እስከ ሦስተኛው ነጥብ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የኔም ሰርቨሩ ስም ደግሞ የራሱ ኔም ሰርቨር አለው፤ እሱም የሌላ ድርጅት ይሆናል። ያ ድርጅት የስሙን ዓመታዊ ክፍያ ቢረሳና ሌላ ሰው ቢገዛው፣ የመሥሪያ ቤቱን ጎብኚዎች ወደፈለገበት ይነዳቸዋል። ተረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ በዶት አይኦ ለሚያልቁ ስሞች ሁሉ ከሚያገለግሉት ኔም ሰርቨሮች የአንዳንዶቹን ስም እንደማንኛውም ደንበኛ መዝግቦ ወስዶ ነበር።

ልኬቱን የሠራሁት ደሴ ላይ ነው፤ ጠቅሞኛልም። አውሮፓ ከተከራየሁት ማሽን ስጠይቅ ሁሉም ነገር ቅርብ ስለሆነ ሰንሰለቱ ረዘመ አጠረ አይታወቅም። ከደሴ ግን አብዛኛው ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ ስለሚመለስ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለበት በመዘግየቱ ይታወቃል። ሰንሰለቱን ስለ እኛ ተከትለው መልሱን የሚያመጡልን የተለመዱት መላሽ ሰርቨሮች ያገኙትን መልስ ካሽ ውስጥ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ፣ ስለሚያቆዩት ሰንሰለቱን ይደብቁታል፤ ስለዚህ አንባውንድ የተባለውን የመላሽ ሰርቨር ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ከየጥያቄው በፊት ካሹን ባዶ አደርግ ነበር። መብራትና መስመር መቆራረጡን ላልፈው አልችልም። መፍትሔዬ ከየጥያቄው ጎን በደንብ የማውቀውን አንድ ስም መጠየቅ ነበር፤ እሱም ካልመለሰ የተቋረጠው የኔ መስመር ነውና ዳታውን እጥላለሁ። ተመሳሳይ ጥናት ለሚጀምር ሰው ከምነግረው ሁሉ ይህችን አስቀድማለሁ።

የስም ዝርዝር ማግኘት ለብቻው ሥራ ነው። የዶት ኮምን የኢንተርኔት ስሞችን በሚያስተባብረው ድርጅት በአይካን በኩል ጠይቆ መውሰድ ይቻላል፤ የዶት ኢቲን ግን ለድረ ገጾች የሚሰጡ የደኅንነት ሰርተፍኬቶች ከሚመዘገቡባቸው፣ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ መዝገቦች ለቅሜያለሁ።

ከልኬቱ ይልቅ የከበደኝ ውጤቱን ለባለቤቶቹ መንገር ነው። እዚሁ ከተማ አንድ የአይቲ ኃላፊ ወረቀቴን አየት አድርገው «እየሠራ አይደል እንዴ ወንድሜ? ምን ሆነ ልትለኝ ነው?» አሉኝ። ስለ ሰርቨር ማውራቱን ተውኩት።

«ጋሼ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሁለት የተለያዩ አውቶቡሶች ትኬት ቢቆርጡ፣ ሐረጎ ላይ መንገዱ ሲዘጋ በየትኛው ይሄዳሉ?»

ሳቁ። «ወላሂ፣ ሁለቱም እዚያው ይቆማሉ። ታዲያ ሁለተኛውን የት ላድርገው?»

ይህ ጥያቄ የመጨረሻውን ምዕራፌን ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ጥገኝነት ስቆጥር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የትኛው አንድ ለውጥ ብዙውን ሥጋት እንደሚቀንስ ማስላት ጀመርኩ። ሁለተኛውን ሰርቨር በሌላ ቦታና በሌላ ኔትወርክ ማድረግ የሚል ምክር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኢንተርኔት መመሪያ ሰነዶች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ለኃላፊው ዝርዝሩን ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ወዲያው ሊቀይሩ ተነሡ። የድረ ገጹ ስም የሚተዳደርበት አካውንት ፓስዎርድ ግን ያለው ከመሥሪያ ቤቱ ቀደም ብሎ በለቀቀ አንድ ልጅ የግል ኢሜይል ውስጥ ነው፤ ስልኩን እያፈላለጉ ነው።