አራት ሬትሮ ማርሽ ያላት ባለ ሦስት ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ቀኔን የፈጀሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። የወንድሜ ባጃጅ ሬትሮ ማርሽ እምቢ ብሎን። ወደ ፊት እንደ ጉድ ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ ግን ንቅንቅ የለም። የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ጥላ ስር ተጠግቼ ስልኬን ስጎረጉር ሰሞኑን ያበድኩላትን መኪና ፎቶ ለመካኒኩ ለጋሼ አሳየኋቸው። ሜሰርሽሚት ኬአር 200 ትባላለች።

«አውሮፕላን ነው እንዴ? ክንፉ የታል?» አሉኝ።

ብዙም አልተሳሳቱም። ሜሰርሽሚት ማለት ያ የሂትለር ጦር ተዋጊ አውሮፕላኖች አምራች ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ጀርመን አውሮፕላን እንዳትሠራ ስትከለከል ሰዎቹ ፋብሪካና ባለሙያ ይዘው ሥራ ፈቱ። በዚያው ሰሞን ፍሪትዝ ፌንድ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ በጦርነቱ ለተጎዱ አካል ጉዳተኞች ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ይሠራ ነበር። ዘመኑ 1948 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። የመጀመሪያዋ ሞተር እንኳ አልነበራትም፣ በነጂው ጉልበት ነበር የምትሄደው። ቆይቶ ትንሽዬ ሞተር ገባላት። ከዚያ ምን ሆነ፣ ጤነኞቹም «ለእኛስ?» እያሉ ይመጡ ጀመር። መኪና የመግዛት አቅም የለም፣ ሞተር ብስክሌት ላይ ደግሞ ዝናብ መደብደብ አለ። ፌንድ ይቺን ነገር ይዞ ሜሰርሽሚት ዘንድ ሄደ፤ በ1953 ኬአር 175 ሬገንስበርግ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች፣ በ1955 ደግሞ ተሻሽላ ኬአር 200 ሆነች።

በር የላትም። ከላይ ያለው ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ እንደ አክንባሎ ወደ ጎን ይነሳና ገብተህ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ራስህ ላይ ትከድነዋለህ። መሪዋ ክብ አይደለም፣ የሞተር ብስክሌት እጀታ ይመስላል። ተሳፋሪው ከጎንህ ሳይሆን ከኋላህ ነው፣ ልክ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ እንደሚሄደው። ከጦርነቱ የተረፈ የአውሮፕላን ክዳን ነው የሚገጥሙላት የሚል ወሬ አለ፤ ውሸት ነው። ያው ወሬው ከእውነቱ ይጣፍጣል። እዚህ ግን በሚያዝያ ፀሐይ ያንን ክዳን ከድኖ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ የሚነዳ ሰው ተቀቅሎ ነው የሚወርደው።

«ሞተሯ ስንት ነው?» አሉ ጋሼ።

191 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 10 የፈረስ ጉልበት። ከባጃጅ ሞተር ብዙም አትርቅም። ግን በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ስላቸው ሳቁብኝ። ነገሩ ያለው ቅርጿ ላይ ነው። ሰዎቹ ፊትና ኋላ ስለሚቀመጡ ቀጭን ናት፤ ፌንድም የአውሮፕላን ሰው ስለሆነ ንፋስን ያውቀዋል። ክብደቷም 230 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ደግሞ ከባጃጅ በተቃራኒ ሁለቱ ጎማ ፊት፣ አንዱ ኋላ ነው፤ የኋላውን በካቴና ትገፋዋለች። እኔ በግሌ ይሄኛውን አደራደር እመርጣለሁ። አደባባይ ላይ ባጃጅ ፍሬን ይዞ ሲታጠፍ ልቡ ያልተንጠለጠለ ተሳፋሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ጋሼን ዝም ያሰኛቸው ግን ሬትሮው ነው። ኬአር 200 ሬትሮ ማርሽ የሚባል ጥርስ የላትም። ወደ ኋላ መሄድ ሲያስፈልግህ ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ቁልፉን ወደ ውስጥ ትገፋና እንደገና ታስነሳለህ። ሞተሩ በተቃራኒው አቅጣጫ እየዞረ ይነሳል! ቱ ስትሮክ (ፒስተኑ በሁለት ምት ብቻ ሥራውን የሚጨርስ ሞተር) ስለሆነ ቫልቭ ምናምን የለበትም፤ ካንዴላው በሰዓቱ እሳት እስከሰጠው ድረስ በየትኛውም በኩል ቢዞር ግድ የለውም። ለዚሁ ሲባል ለብቻው ማቀጣጠያ ተገጥሞለታል። ስለዚህ አራቱም ማርሽ ወደ ኋላም ይሠራል።

ጋሼ ፍሬን ዘይት የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡ። «አራተኛ ማርሽ ወደ ኋላ? ማን አብዶ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን እኮ ይሆናል። ቱ ስትሮክ ከሆነ ይሆናል» አሉ፣ ለራሳቸው ነው የሚመስለው።

በዚያው በ1955 ለፍጥነት የተስተካከለች አንዷን ሆከንሃይም ወደሚባለው የጀርመን የመኪና እሽቅድድም ሜዳ ወስደው 24 ሰዓት ሙሉ እየነዱ በምድቧ ብዙ የፍጥነት ሪከርድ ሰብረውባታል። በ1956 የስዊዝ ቦይ ሲዘጋና አውሮፓ ቤንዚን ሲያጥራት እንደዚህ ያሉ ጥቃቅን መኪኖች ገበያቸው ደራ። ነዳጅ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያደረ የባሕር ዳር ባለ ባጃጅ ይሄ ይገባዋል። ኤልቪስ ፕሪስሊም አንድ ነበረችው። ከዚያ ኪስ ሲሞላ ሰው እንደ ፊያት 600 ያለ «እውነተኛ» መኪና መግዛት ጀመረ፣ ያችው የእኛ ሴቼንቶ ማለት ነው። የኬአር 200 ምርት በ1964 ቆመ። በአሥር ሺዎች ተሠርታለች፤ ዛሬ የተረፉት የሰብሳቢዎች ጌጥ ሆነዋል፣ ዋጋቸውም አይጠየቅም።

«ስንት ሰው ትጭናለች?» አሉኝ ጋሼ በመጨረሻ።

«ከሾፌሩ ሌላ አንድ።»

«አንድ?» ስልኬን መለሱልኝ። «ታዲያ ሂሳቡ በየት ይወጣል አንተ ልጅ?»

የወንድሜ ባጃጅ ጥርሷ ተበልቷል፣ ዕቃው እስከ ሰኞ አይገኝም ተባለ። ከጋራዡ ለማውጣት ሦስት ሆነን ወደ ኋላ ገፋናት።