ለአይልትስ ብዬ የሸመደድኳቸው ከባድ ቃላት

መጀመሪያ አይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) የተፈተንኩ ጊዜ ራይቲንግ፣ ማለትም የጽሑፍ ክፍሉ ላይ ከ9 5.5 ነው ያመጣሁት፣ የምፈልገው ስኮላርሺፕ ደግሞ ቢያንስ 6.5 ይጠይቃል። በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ከስራ ስገባ ከቴሌግራም ያወረድኩትን የከባድ ቃላት ፒዲኤፍ ስሸመድድ ነው የከረምኩት፣ በቀን 30 ቃል፣ እንግሊዝኛው በግራ አማርኛው በቀኝ፣ ፕሌቶራ (እጅግ ብዙ)፣ ዩቢኩተስ፣ ፓራማውንት ምናምን። ትርጉማቸውን ብትጠይቁኝ አንዱንም አልስትም ነበር።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ ለልምምድ ከጻፍኳቸው ድርሰቶች አንዱን ይዤ ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጋ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡና እስክሪብቶ አንስተው "ዲስከስ አባውት" የምትለዋ ስር አሰመሩ (እኛ "ስለ ጉዳዩ ተወያየን" ስለምንል አባውት የምትለዋን እንጨምራለን፣ እንግሊዝኛው ግን አይፈልጋትም)፣ ቀጥሎ "ሜኒ ሪሰርችስ" ስር፣ ቀጥሎ "ኤቪደንስስ" ስር (ሁለቱም እንደ አማርኛው "ጥናቶች"፣ "ማስረጃዎች" ተብለው አይበዙም)። ፕሌቶራ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው "ልጄ፣ ይቺን ቃል እስኪ በሌላ ዓረፍተ ነገር አስገቢልኝ" አሉኝ። አልቻልኩም፣ ዝም አልኩ።

"አየሽ" አሉኝ፣ "አንድ ፈረንጅ አማርኛ ተምሮ ዝናብ ወደቀ ቢልሽ ይገባሻል፣ ግን እንደዛ አይባልማ። ዝናብ ይጥላል፣ ዕቁብ ይጣላል፣ ዕድር ይገባል። እንግሊዝኛም ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ ራሱ ያውቃል።"

ኮሎኬሽን የሚሉት ይሄንን ነው። ራይቲንግ የሚታረመው በአራት መስፈርት ሲሆን የቃላት አጠቃቀም ሩቡን ይይዛል፣ እዛ ላይ 7 ለማግኘት ደግሞ ቃሉን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር አዋህዶ መጠቀም ይታያል። ታስክ 2 (ድርሰቱ) ላይ በ40 ደቂቃ 250 ቃል እየጻፋችሁ ቁጭ ብሎ ይሄ ቃል ከየቱ ጋር ነው የሚሄደው ብሎ ማሰብ አይቻልም፣ ቀድሞ እጅ ላይ መግባት አለበት።

ጋሼ ከዛ ፒዲኤፉን ተይው ብለው ስለ አካዳሚክ ወርድ ሊስት ነገሩኝ። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ናት በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ወደ 3.5 ሚሊዮን ቃል የሚሆን የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ሰብስባ ከተለመዱት 2,000 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ውጪ በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙትን ለየች፣ 570 የቃል ቤተሰቦች ሆኑ፣ ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በ10 የተከፋፈሉ ናቸው፣ በብዛት የሚመጡት መጀመሪያው ላይ ናቸው።

የመጀመሪያውን ክፍል ስከፍተው ደነገጥኩ። ዳታ፣ ሜቶድ፣ ፋክተር፣ አቬይለብል፣ ኢንዲኬት፣ ሲግኒፊካንት። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው፣ ወርሃዊ ሪፖርታችን በእንግሊዝኛ ነው፣ እነዚህን ቃላት በየወሩ እጽፋቸዋለሁ እኮ! ሃይስኩልም ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ስንማር መጽሐፉ በነሱ የተሞላ ነበር። የማላውቃቸው ቃላት ጋ ስሮጥ በግማሽ የማውቃቸውን ትቻቸው ነበር፣ እና እኔ እንደማምነው አብዛኞቻችንን ነጥብ የሚያስጥለን ይሄ ነው።

ደብተር ገዛሁ፣ ለአንድ ቃል ግማሽ ገጽ። ለምሳሌ ኮንትሪቡት (አስተዋጽኦ ማድረግ) ብዬ እጽፋለሁ፣ ከኋላው ቱ እንደምትከተለው፣ ስሙ ኮንትሪቡሽን እንደሆነና ሜክ ከሚለው ግስ ጋር እንደሚሄድ፣ ግሱን ስንጠራው "ትሪ" ላይ ስሙን ስንጠራው "ቡ" ላይ ድምፅ እንደሚጠነክር (ስፒኪንግ ላይ ይጠቅማል)። ከስር ከራሴ ስራ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ "ስታግናንት ዋተር ኮንትሪቡትስ ቱ ዘ ስፕሬድ ኦፍ ማላሪያ"። ያቆረ ውሃ ምን እንደሚያመጣ በየክረምቱ በዓይኔ ስለማየው ይቺ ዓረፍተ ነገር አንዴ ከጻፍኳት በኋላ ጠፍታብኝ አታውቅም። አማርኛ ትርጉም የምጽፈው ሲጨንቀኝ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ኢኮኖሚክም ኢኮኖሚካልም በአማርኛ "ኢኮኖሚያዊ" ብላችሁ ብታልፏቸው ሁለተኛው ቆጣቢ ማለት እንደሆነ ይጠፋባችኋል፣ ነዳጅ የማትፈጅ መኪና ኢኮኖሚካል ናት፣ የሀገር ችግር ግን ኢኮኖሚክ ነው።

በቀን ከ7 ቃል አላሳልፍም ነበር፣ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ገጹን በእጄ ሸፍኜ ዓረፍተ ነገሩን ከጭንቅላቴ አወጣዋለሁ፣ ያቃተኝ ላይ ነጥብ አደርግና እንደገና ከመጀመሪያ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ድርሰት ጽፌ ለጋሼ እወስዳለሁ፣ ፕሌቶራ የምትለዋን ሁለተኛ አልጻፍኳትም፣ "ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ" በቃ።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ራይቲንግ 6.5 መጣልኝ፣ ሊስቱን ገና አምስተኛው ክፍል ላይ እያለሁ ነው የተፈተንኩት። አሁን አንዲት የስራ ባልደረባዬ ልትመዘገብ ነው፣ ደብተሬን ስትጠይቀኝ ሰጠኋት ግን የኔን ዓረፍተ ነገሮች እንዳትገለብጪ ብያታለሁ፣ እሷ ማዋለጃ ክፍል ነው የምትሰራው፣ ኮንትሪቡትን በዛ በኩል ትጻፋት።