ዛሬ ስለ ዲሌይ ስንጨቃጨቅ ዋልን

ደብረ ብርሃን ብርዱ ዛሬ ጣት አላላውስ ብሎን በር ዘግተን የዋልነው ዲሌይ ፔዳል (የጊታርን ድምፅ አዘግይቶ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው መሣሪያ) ላይ ስንከራከር ነው 😂 ጓደኛዬ ከዲጂታል ወዲያ ላሳር ነው የሚለው። ነገሩ እውነት አለው፣ የ1981ዱ ቦስ ዲኤም-2 አናሎግ ስለሆነ ድምፁን የሚያዘገየው ቢበዛ 300 ሚሊሰከንድ ነው፣ ከሱ በኋላ የመጣው ዲጂታሉ ዲዲ-2 ግን 800 ይደርሳል።

እስቲ በአንቺሆዬ ቅኝት ተጫወትበት አልኩት። ትዝታ ሜጀር ላይ ችግር የለም፣ አንቺሆዬ ላይ ግን በግማሽ ድምፅ የሚጠጋጉ ኖታዎች ስላሉ ዲጂታሉ ያለፈውን ኖታ ጥርት አድርጎ ሲመልሰው ከአዲሱ ጋር ይላተማል፣ ጆሮ ይበላል በቃ። አናሎጉ ውስጥ ያለው ቺፕ ሰው ተሰልፎ ውሃ በባልዲ እንደሚቀባበለው ድምፁን ከካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ከምትይዝ ትንሽ ዕቃ) ካፓሲተር እያሻገረ ነው የሚያዘገየው፣ እዛው መንገድ ላይ ቅጥነቱ እየጠፋ ስለሚሄድ የሚመለሰው ድምፅ ደብዘዝ ብሎ ከኋላ ይቀመጣል፣ አዲሱን ኖታ አይረብሸውም። ለኛ ቅኝት የተሠራ ነው የሚመስለው (የሠሩት ጃፓኖች ይህን ባያውቁም)።

ድምፁን ቴፕ ክር ላይ ቀድቶ የሚመልሰው ቴፕ ዲሌይማ ሌላ ዓለም ነው። የ1974ቱ ሮላንድ አርኢ-201 ሞተሩና ክሩ ድምፁን ትንሽ ሲያወዛውዘው ነው ውበቱ፣ ግን ክሩ ያልቃል፣ እዚህ ከየት ይገዛል? እኛ ቴፕ የምንለው ቴፕ የሚያስመስል ዲጂታል ነው እንግዲህ፣ ጓደኛዬ ይቺን ሲሰማ እንዴት እንደፈነጠዘ!

የሚሸጥ አናሎግ ዲሌይ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሸዋሮቢትም ብትሆኑ እመጣለሁ።