ካምቢዮ ወርዶ ያልዳነ ማርሽ

ፒክአፑ ጋራዥ የገባው «ሁለተኛ ማርሽ ይጮኻል፣ አንደኛም አልገባ ይላል» ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ተፈትቷል፤ የአንደኛና የሁለተኛ ማርሽ የሲንክሮናይዘር (በአጭሩ ሲንክሮ፣ ማርሽ ሲገባ ፍጥነትን የሚያስተካክል) ቀለበቶች ተቀይረዋል፣ ዘይቱም አዲስ ነው። ጥቂት ሳምንት ደህና ከሠራ በኋላ ችግሩ እንዳለ ተመለሰ። ባለንብረቱ የገባው ዕቃ ፎርጅድ ነው ብሎ ደምድሟል፤ የሚፈልገው ካምቢዮው ዳግም እንዲወርድ ነው።

ዋናውን ፍንጭ የሰጠው ሹፌሩ ነው፣ ያውም እግረ መንገዱን። ጠዋት ብዙም ችግር የለም፤ የሚያስቸግረው መንገድ ተጨናንቆ ቆም ሄድ ሲበዛ ነው። ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን እንደረገጠ መብራት ሲጠብቅ ደግሞ መኪናው ቀስ ብሎ ወደፊት መግፋት ይጀምራል። ያለቀ ሲንክሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው ዘይቱ ቀዝቅዞ በወፈረበት ጠዋት ነው። ሲሞቅ የሚብስ፣ በዚያ ላይ ፔዳል ተረግጦ መኪናውን የሚያስኬድ ነገር ከካምቢዮ በፊት ፍሪሲዮንን ያስጠረጥራል።

ይህን ለመለየት ቁልፍ ማንሳት አያስፈልግም። ሞተር ጠፍቶ ማርሾቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ ከዚያ ሞተር ተነሥቶ፣ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ እንደገና። ጠፍቶም ተነሥቶም ከጠነከረ ወይ የማርሽ ዘንጉ ማያያዣ ነው፣ ወይ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ማያያዣው ከካምቢዮው ላይ ተፈትቶ የካምቢዮው ክንድ በእጅ ሲንቀሳቀስ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ጠፍቶ ለስላሳ ሆኖ ሲነሣ ካስቸገረ ግን ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው አይለይም። የፒክአፑ ችግር ይኸኛው ነበር።

ማረጋገጫው የኋላ ማርሽ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ (ነጻ) ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ አምስት ሰከንድ ያህል መቆየት፤ ከዚያ የኋላ ማርሹን ማስገባት። በብዙ ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ ሲንክሮ የለውም። ፍሪሲዮኑ ከለቀቀ በዚያች ጊዜ ውስጥ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መሽከርከሩን ስለሚያቆም ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል፤ ካልለቀቀ ሞተሩ ዘንጉን እያዞረው ነውና ይጮኻል። ጮኸ። ፔዳሉ ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ግን ማርሹ ዝም ብሎ ገባ። የተጣመመ የፍሪሲዮን ሸራ ፔዳል ስለተደጋገመ አይቃናም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ግፊቱን የሚያስተላልፈው ፈሳሽ መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ሙሉ ነው። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የታችኛው ፖምፓ የአቧራ ጎማ ተገልጦ ታየ፣ ደረቅ ነው። ፍሳሽ ስለሌለ «ፖምፓው ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ያዘ፤ ሌላው ከመኪናው ሥር ሆኖ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ የሚሄደውን ርቀት በብረት ማስመሪያ ለካ። ዘንጉ 14 ሚሊሜትር ወጣ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ እንደተያዘ፣ እግር ሳይነቃነቅ፣ ዘንጉ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ የቀረው 9 ሚሊሜትር ነው። መስመሩ ውስጥ አየር ቢኖር ወይም ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ የሚነፋ ቢሆን ርቀቱ ከመጀመሪያውም ያጥር ነበር እንጂ ሙሉ ሆኖ ጀምሮ አይሸሽም። የሸሸው ፈሳሽ ፔዳሉ የሚገፋውን የላይኛውን ፖምፓ ጎሚኒ (ፈሳሹን የሚያግደውን ጎማ) ጥሶ ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሷል፤ መጠኑ ያልጎደለውም ለዚህ ነው። ፖምፓው ሲፈታ ፈሳሹ ጠቁሯል፣ የጎሚኒው ከንፈር ተበልቷል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳም ተጭሯል። ግድግዳው ከተጫረ ጎሚኒ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ስለሆነ ፖምፓው በሙሉ ተቀየረ።

የቀድሞው መካኒክ ቀለበቶቹ አልቀዋል ማለቱ ግን ውሸት አይደለም። ሲንክሮ የተሠራው የመግቢያውን ዘንግና የፍሪሲዮኑን ሸራ ፍጥነት ለማስተካከል ነው፤ የእነሱ ክብደት ቀላል ነው። ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ቀለበቷ የምትታገለው ከሞተሩ ጋር ነው፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ቀለበት ብዙ አይችለውም። አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ መበላት ጀምረው ነበር።

አዲሱ ፖምፓ ሲታሰር የፔዳሉ ገፊ ዘንግ ፒስተኑን ተጭኖ እንዳይቀር ትንሽ ልቅነት ይተውለታል፤ በብዙ መኪኖች ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲለካ ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው፣ ትክክለኛው ልክ ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል። ልቅነት ከሌለ የፈሳሹ መመለሻ ቀዳዳ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ግፊት ይፈጥርና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። አየሩ ወጥቶ እንደገና ሲለካ 14 ሚሊሜትሩ ሳይነቃነቅ ቆየ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የኋላ ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ።

ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወረድ፣ መኪናው ገና ሳይሞቅ፣ ትንሽ ጩኸት አሁንም ነበር። ዜሮ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቆ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ፣ እንደገና ረግጦ ሲገባ ጩኸቱ ጠፋ፤ ይህ ቀለበቷ በቂ እንደማትይዝ ያሳያል። በዚያ መሐል ካምቢዮው ሲገጠም የተሞላው ዘይት ጂኤል 5 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) መሆኑ ታወቀ፤ የመኪናው መመሪያ የሚያዘው ጂኤል 4፣ ውፍረቱ 75ደብሊው-90 ነው። ለዲፈረንሻል ጥርስ የሚስማማው ጂኤል 5 ለዚህ ሥራ ስለሚያዳልጥ ቀለበቷ ቶሎ አትይዝም፤ አንዳንዱም የነሐሱን ቀለበት ይበላል። መሙያው ቡሎን መጀመሪያ ተፈታ፤ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እንዳይቀር ነው። ከዚያ ዘይቱ ተደፋ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ከተለመደው ግራጫ ዱቄት በስተቀር የጥርስ ስባሪ የለም። በትክክለኛው ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ጠርዝ ተሞላ። የጠዋቱ ጩኸት ቀነሰ፣ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ካምቢዮው ሳይወርድ መኪናው ወጣ።