ከሴይንት ፖል እስከ ዳላስ፣ በላቫጆ በኩል

የእህቴ መኪና ጥቁር ናት። ሴይንት ፖል ስደርስ ያየኋት ግን ነጭ ሆና ነው። በረዶ መስሎኝ በጣቴ ብነካው ጨው! ሚኒሶታ ክረምት ሲገባ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። በረዶው ይቀልጣል። ጨዋማው ውሃ ደግሞ ሻንሲው ሥር ገብቶ ብረቱን ይበላል። ለበዓሉ የገዛሁት ሱሪ ከመኪናዋ ስወርድ እስከ ጉልበቱ ተለቀለቀ።

ሰሞኑ ጥምቀት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? እህቴ ለመኪናዋም አደረገችው። «በዚህች ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» ብላ ባሏንና እኔን ቁርሳችንን ሳንጨርስ አስወጣችን። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። ማሞቂያው ሲበራ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ሲጠፋ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

«ጋሼ፣ በዚህ ብርድ መኪና ይታጠባል እንዴ?» አልኩት የእህቴን ባል። ከዜሮ በታች 8 ነበር።

«ዛሬማ ሞቃት ነው» አለኝ። ሲቀልድ አልነበረም። ከዜሮ በታች 9 ገደማ ካለፈ ጨውም አቅም ያንሰዋል አሉ። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ቀለል ሲል ከተማው ሁሉ ላቫጆ የሚሰለፈው። ወረፋው ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ላቫጆው «ራስህን አስተናግድ» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከፍለህ መኪናህን ራስህ ታጥባለህ። ቤቱ ጋራዥ ይመስላል። በሩ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ስትገባ ከኋላህ ይዘጋል። የውሃ ጎማው ጣሪያ ላይ ከሚዞር ክንድ ተንጠልጥሏል፤ መሬት ለመሬት አይጎተትም። ወለሉ ወደ መሃል ዘንበል ብሎ ውሃውን ወደ ፍርግርግ ይመልሳል። ከሥሩ አሸዋና ጭቃ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ አለ። እኔን የገረመኝ ግን ወለሉ ራሱ ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ቧንቧ ተቀብሮ፣ በረዶ እንዳይሆን ኩላንት የተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ይዞርበታል። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ነካሁት። እንጀራው አልቆ እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ እንዳለ ምጣድ ለብ ይላል። ውሃ ፈሶበት አይጋገርም፣ ሰውም አያንሸራትትም።

መርጫው ግን ማንም ሳይነካው ያንጠባጥባል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ልጅ ይሄ ስቃይ ነው። ልዘጋው ስነሳ ጋሼ ሳቀ። «ተወው፣ ሆን ተብሎ ነው። ውሃው ከቆመ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ከሆነ የውሃ ጎማውን ይሰነጥቀዋል።» ምክንያቱ ገባኝ። ዓይኔን ግን እስክንወጣ ከዚያ ጠብታ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

ከሥር ጀመርን፤ መጀመሪያ ሻንሲው፣ ከዚያ ጎማው፣ አካሏ መጨረሻ። የከፈልንበት ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ብታስነጥስም ይቆጥራል። ገንዘቡማ አይወራ። መንዛሪው ማሽን 20 ዶላራችንን ዋጠና እዚያው ቤት ብቻ የሚሠራ የሳንቲም ዓይነት ጌጥ ተፋልን። የተጠቀምነው የ8 ዶላር ያህሉን ነው። ቀሪውን የሚመልስ የለም፤ የምትጨቃጨቀው ሰው ራሱ የለም። አዲስ አበባ ቢሆን ቢያንስ ከልጆቹ ጋር ትከራከራለህ፣ ያውም ማኪያቶህን ይዘህ።

ውጭ ማድረቂያው ቦታ ላይ ፒክአፕ የያዙ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ። የራሳቸውን በሮች አንድ በአንድ ከፍተው የላስቲኩን ዙሪያ ያብሳሉ። የእኛን እርጥብ መኪና አይተው መጡ። «ሳታደርቁ ከሄዳችሁ በሩ ይጣበቅና ነገ አይከፈትም» አሉና ፎጣቸውን ሰጡን። ቢመለስላቸውም እምቢ አሉ።

ጥምቀት አለፈ፤ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ወደ ዳላስ፣ አጠገቧ ጋርላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ጋ ወረድኩ። እዚያ ላቫጆው በር የሚባል ነገር የለውም። ጣሪያና ሁለት የጎን ግድግዳ፣ አለቀ። በፊት ገብተህ በኋላ ትወጣለህ። የዚያ አገር ጠላት ፀሐይ ነው። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከ38 ሲያልፍ ሳሙናው ሳይታጠብ በጋለው ቆርቆሮ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ጥላው ነው ዋናው፤ ጓደኛዬ በበጋ ከመሸ በኋላ ነው የሚያጥበው። ችግሩ ብርዱም አንዳንዴ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ ሲበርድ መብራት ጠፍቶ የስንቱ ቤት ቧንቧ ፈነዳ። በር የሌለው ላቫጆ ያኔ ምኑን ይዘጋል?

ማታ ላይ ለአዲስ አበባም እንዲህ ያለ ራስህን አስተናግድ ላቫጆ መንደፍ ጀመርኩ። በርም የሚሞቅ ወለልም አያስፈልገንም። ሰፊ ጣሪያ፣ ጥሩ አሸንዳና ትልቅ ታንከር ይበቃል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በነፃ ይወርዳል፤ ማዕድን ስለሌለበትም ሲደርቅ መስተዋት ላይ ነጭ ነጥብ አይተውም። አሁን ሁሉም ወደ ቦይ ነው የሚሄደው። ለበጋው ደግሞ የታጠበበትን ውሃ አዝቅጦ ለጎማና ለሻንሲ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ጓደኛዬ አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «እሺ፣ ራስህ ልታጥብ ነው?» አለኝ።

«ልጆቹ ያጥባሉ እንጂ።»

«እና ምኑ ነው ራስህን አስተናግድ?» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ።